የማሽላ አገር ልጅ ትምህርት ቤት ምን ይብላ?

ዛሬ የማወራው ስለ ልጆች ምሳ ነው። ትንሽ ጉዳይ የሚመስለው ካለ፣ በባዶ ሆዱ ሒሳብ የተማረ ልጅ ይጠይቅ።

ከጎብዬ እስከ ዋጃ ሜዳው ማሽላ ነው። ደጋሌት፣ ጅጉርቲ እያልን ስም አውጥተንለታል። ምርምሩም አልጠፋም፤ ስሪንቃ ቅርባችን ነው። አቀንጭራን የሚቋቋም ዝርያ ሲወጣ ስሙ እንደ እኛዋ ከተማ «ጎብዬ» ተብሏል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት በዚሁ የማሽላ ምርምር ነው። እኛ ጋ ግን የማሽላ እንጀራ ቋጥሮ ትምህርት ቤት መሄድ የሚያፍር ልጅ አለ። ይሄ እኮ ያሳዝናል!

እህሉ ካለ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ግዢው ላይ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ1994 እ.ኤ.አ. ምገባ ሲጀምር ድስት ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ነበር። በክፉ ቀን ለደረሰልን ምስጋና ይገባዋል። በኋላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ በደቡብና በኦሮሚያ ከአካባቢው ገበሬ መግዛት ተሞከረ። ብራዚል ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ከፌዴራል የምገባ በጀቷ ቢያንስ 30 በመቶው ለቤተሰብ እርሻ ምርት እንዲውል በሕግ አስገደደች።

የኛን ነገር የሚወስነው ወሩ ነው። ማሽላ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ገበሬው ዕዳ ስላለበት ያኔውኑ በርካሽ ይሸጣል፤ ክረምት ላይ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ጨረታ ቢያወጣ የሚቀርበው ነጋዴ ነው፣ ገበሬውማ ጎተራው ባዶ ነው። ስለዚህ ብሩ በታኅሣሥ ይለቀቅ፤ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ገዝቶ ነቀዝ በማይገባው መጋዘን ያስቀምጥ።

ማሽላ ብቻውን ይበቃል አልልም። ፕሮቲኑ የሚሟላው ሽምብራ ሲገባበት ነው፤ ንፍሮ የሚቀላቅሉ እናቶች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከቆቦ ጊራና መስኖ ይምጣ። ዋጋ ወድቆ ማሳ ላይ ከሚበሰብስ ልጅ ይብላው።

እናንተ ደግሞ የወረዳው በጀት ከሐምሌ በፊት ሲዘጋጅ ሄዳችሁ ጠይቁ። ለምገባ ስንት ተያዘ? ከማን ሊገዛ ነው? ገበሬው የሚከፈለውስ መቼ ነው?