ግንባችን ውሃውን ወደ ማን መለሰው?

(ለአጥቢያ ምእመናን ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች በተዘጋጀ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ድሬዳዋ ሥራችን እንድንናገር ስትጋብዙን፥ ምን ያህል ግንብ እንደ ሠራንና ስንት ቤተ ሰብ እንደ ረዳን የሚገልጽ ሪፖርት እንደምትጠብቁ እናውቃለን። እንዲህ ያለውን ሪፖርት ከዚህ ቀደም አቅርበንላችኋል፤ እናንተም በደስታ ተቀብላችሁልናል። ዛሬ ግን በዚያ ሪፖርት ውስጥ ያልጻፍነውን ልንነግራችሁ እንወዳለን። የምንነግራችሁም እንድታዝኑልን ብለን አይደለም፤ ገንዘቡም ጸሎቱም የእናንተ ስለሆነ እውነቱም የእናንተ መሆን ስላለበት ነው።

አስቀድመን ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልተቻለው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ ከተማይቱም በዚያው ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በከተማይቱ መካከል ደቻቱ ያልፋል፤ ከዚራ በአንድ ወገን፥ መጋላ በሌላው ወገን ይቀራሉ። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ በአብዛኛው የዓመቱ ወራት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፤ ነጋዴው ዕቃውን ይዘረጋበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

ውሃው የሚመጣው ከደቡብ፥ ከሐረርጌ ደጋ ነው። ደጋው ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን ከተማይቱ ያለችው በ1200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቁልቁለቱ አጭርና ገደላማ ነው፤ ዛፉ ተመንጥሯል፥ አፈሩም ታጥቧል። ስለዚህ በላይ የዘነበው ዝናብ መሬት ሳይሰርግ ድንጋይና ግንድ እየጠረገ ይወርዳል። በከተማው አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለእሑድ አጥቢያ፥ ሰው ተኝቶ ሳለ የወረደው ጎርፍ ከ250 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ በሺህ የሚቆጠሩትንም ያለ መጠለያ አስቀረ። ከዚያ ወዲህ በከተማው መከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል። ነገር ግን በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ደግሞ ጎርፍ ሕይወት አጥፍቷል።

የዚህ ውሃ ነገር የአስተዳደር ነገርም ነው። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር መሠረት ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ የሆነች ከተማ ናት። ውሃው ግን ከሚነሣባቸው ተራሮች ብዙዎቹ በኦሮሚያ ክልል በምሥራቅ ሐረርጌ ይገኛሉ። ዝናቡ በአንዱ አስተዳደር ይዘንባል፤ ቤቱ በሌላው አስተዳደር ይፈርሳል። እርከኑን የሚሠራው ገበሬ አንድ ነው፤ በእርከኑ የሚጠቀመው የከተማ ሰው ሌላ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ቢሮ ብቻውን አይፈታውም፤ አንድ የእርዳታ ድርጅትም ብቻውን አይፈታውም።

ከተማይቱም ዛሬ የቀድሞዋ አይደለችም። አሮጌው ባቡር ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከአዲስ አበባ መምጣቱን አቆመ፤ የጂቡቲውም ጉዞ ጥቂት ቆይቶ ተቋረጠ። ቀድሞ በባቡር ጋራዥ የብረት ሥራ፥ የመካኒክነትና የቀለም ሥራ የሚማረው ወጣት በር ተዘጋበት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው፤ በባቡሩ መድረሻና መነሻ ሰዓት ይኖሩ የነበሩት ምግብ ቤቶች፥ ሻይ ቤቶችና አልጋ ቤቶች ተሳፋሪያቸውን አጡ። ወደ ጂቡቲ የሚሄዱት ከባድ መኪናዎችም አብዛኞቹ ከአዋሽ በሚሌ በኩል ስለሚያልፉ ከተማይቱን አይረግጧትም። በእርግጥ አዲስ ነገርም አለ፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል፥ ነጻ የንግድ ቀጠናም ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ተበሥሯል፤ ስለዚህም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። በአጥቢያችን የሚያመልኩት የባቡር ጡረተኞች ግን ልጆቻቸው እነርሱ የነበራቸውን ሙያ እንዳላገኙ ያውቃሉ።

እንግዲህ ወደ ታሪካችን እንምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከከተማው ራቅ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ የጎርፍ መከላከያ እንድንሠራ ተጠየቅን። የዚያች ቀበሌ መንገድ ሌላ አይደለም፤ የደረቁ ወንዝ አሸዋ ራሱ ነው። ወተት ይዘው ወደ ገበያ የሚወርዱት እናቶች በእርሱ ይሄዳሉ፤ የሕመምተኛ መኪና የሚመጣውም በእርሱ ነው። ሲዘንብ መንገድ የለም። በወዲህኛው ማዶ ትምህርት ቤቱ፥ የቀበሌው ጽሕፈት ቤትና የሊቀ መንበሩ ዘመዶች እርሻ ይገኛሉ። በወዲያኛው ማዶ በቀበሌው ምክር ቤት ብዙ ድምፅ የሌላቸው የአንዲት ጎጥ ሰዎች ይኖራሉ።

ስብሰባ ተጠራ፤ እኛም ሄድን። በጸሎት ጀመርን፥ በምርቃት ጨረስን። ሊቀ መንበሩ ጋቢዮኑ በወዲህኛው ማዶ እንዲሠራ ጠየቁ። እኛም ወዲያው ተስማማን። ለምን ተስማማን? ትምህርት ቤቱን ያድናል ብለን ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ስፍራው ለእንግዳ መኪና የሚመች፥ የድርጅቱም ሰሌዳ ከሩቅ የሚታይበት ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ከወዲያ ማዶ ማንም እንዳልተጠራ አስተውለን ነበር። «በኋላ እናነጋግራቸዋለን» አልን፤ በኋላም አላነጋገርናቸውም።

ግንቡ ተሠራ። ፎቶግራፍ አነሣን። «ሥራው በተያዘለት ጊዜ ተጠናቋል» ብለን ጻፍንላችሁ።

በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ መጣ። ግንቡ አንድ ድንጋይ እንኳ አልተነቃነቀም። ነገር ግን የወንዙን ስፍራ ስላጠበበው ውሃው ፈጠነ፤ በወዲህ በኩል የተከለከለውም ውሃ በሙሉ ኃይሉ ወዲያ ማዶውን መታው። ሊታጨድ የቀረበው ማሽላ ከነአፈሩ ሄደ። መሻገሪያው ከሰው ቁመት በላይ ተቦረቦረ። በዚያው ሌሊት አንዲት እናት ምጥ ይዟት በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዳርቻው አመጧት። መኪናው በወዲህ ማዶ መብራቱን አብርቶ ቆሞ ነበር፤ ሊሻገር ግን አልቻለም። ሲነጋ ውሃው ጎደለ። እናቲቱ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን ሞቶ ተወለደ።

ከሳምንት በኋላ ለልቅሶ ሄድን። የሕፃኑ አባት ሆጃ ቀዳልን። ያንን ሆጃ መጠጣት እንዴት እንደ ከበደን ልንገልጽላችሁ አንችልም። ከዚያም የአገሩ ሽማግሌ የሆኑት ሼህ እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፥ ግንባችሁ ጠንካራ ነው፤ ስድብ አይገባውም። ነገር ግን ውሃ ሲከለክሉት አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ይሄዳል። ድንጋዩን ከመደርደራችሁ በፊት አንድ ቀን እዚህ ማዶ መጥታችሁ ከእኛ ጋር ብትቆሙ ኖሮ ይህን እናሳያችሁ ነበር።»

ወደ ቢሯችን ስንመለስ እርስ በርሳችን ተከራከርን። አንዳንዶቻችን «ይህ ከተጻፈ ደጋፊዎች ይሸሻሉ» አልን። አንዳንዶቻችን «ጎርፍ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ሰው ምን ያደርጋል?» አልን። ነገር ግን ቃሉ አላስተኛንም። በሙሴ ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ማንም ወድቆ እንዳይሞት ዙሪያውን መከታ እንዲያበጅለት ታዟል (ዘዳግም 22፥8)። ያን ባያደርግና ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናል። እኛ ቤት ሠራን፤ ስለ ጎረቤታችን ግን አላሰብንም። ስለ ነህምያ ቅጥር በየስብሰባው እንሰብካለን፤ እርሱ ግን ገና አንድ ድንጋይ ሳያነሣ በሌሊት ዙሪያውን ተዘዋውሮ እንዳየ እንዘነጋለን። እኛ የዞርነው ግማሹን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ወደ ሁለቱም ማዶ ሰዎች ሄደን በደላችንን ተናዘዝን። ከግንቡ የላይኛውን ጫፍ ለማፍረስና ድንጋዩን ለመሻገሪያው ዝቅ ያለ ንጣፍ ለማድረግ ሐሳብ አቀረብን። ሊቀ መንበሩ ተቆጡ፤ የፈቃዱ ደብዳቤም ለወራት ዘገየ። እርሳቸውን ልንኮንን አንችልም፤ በእርሳቸውም ላይ «ግንባችንን ለምን ታስነካለህ?» የሚሉ ወገኖቻቸው ነበሩባቸው። በመጨረሻ የሁለቱም ማዶ ሽማግሌዎች አብረው ሄደው ባነጋገሯቸው ጊዜ ፈረሙ። እኛ በመኪናና በማኅተም ያላገኘነውን እነርሱ አብረው በመቀመጣቸው አገኙት።

ዛሬ በላይኛው ተዳፋት ሁለቱም ወገኖች እርከን ይሠራሉ፤ በላይ ዝናብ ሲከብድም ከደጋው ያለ ሰው ለታችኞቹ ስልክ ይደውላል። ችግሩ ግን አላለቀም። የታጠበው እርሻ አልተመለሰም። መሬታቸውን ካጡት ወጣቶች አንዳንዶቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ ወርደዋል። የት እንደሚኖሩ ታውቃላችሁን? ኪራዩ ርካሽ በሆነበት፥ በወንዙ ዳር በቆርቆሮ ቤት ውስጥ። ከአንዱ ጎርፍ ሸሽተው በሌላው ጎርፍ መንገድ ላይ ተኝተዋል። ስለዚህ የገጠሩ መንገድ ችግርና የከተማው ድካም ሁለት ፕሮጀክት አይደሉም፤ ውሃው አንድ እንደሆነ ሁሉ እነዚህም አንድ ናቸው።

ወገኖች ሆይ፤ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛ፥ የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ። ብዙዎቻችን «ይህ ፖለቲካ ነው፥ መንፈሳዊ ሰው አይገባበትም» ብለን እንቀራለን። ነገር ግን ግንቡ የት እንደሚቆም፥ የመንገድ ጥገናው ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ የሚወሰነው በዚያ ነው። ኤርምያስ ለምርኮኞች በጻፈው ደብዳቤ በተሰደዱባት ከተማ እንኳ ሰላሟን እንዲፈልጉ ነግሯቸዋል (ኤርምያስ 29፥7)። ስትሄዱም ለቤተ ክርስቲያናችን አጥር ልትለምኑ አትሂዱ፤ ያልተጠራው ማን እንደሆነ ልትጠይቁ ሂዱ።

ሁለተኛ፥ እናንተ የፕሮጀክት ሠራተኞች፥ ካርታ ከመንደፋችሁ በፊት ወንዙን ተሻገሩ። በዚያ ማዶ ቁሙና ወደ ሥራችሁ ተመልከቱ። በእኛ የፕሮጀክት ማቅረቢያ ቅጽ ላይ አሁን አንድ ጥያቄ ተጨምሯል፤ «ውሃው ወደ ማን ይሄዳል?» የሚል ነው። ይህ ስፍራ ባዶ ከሆነ ገንዘብ አይወጣም።

ሦስተኛ፥ እናንተ ደጋፊዎቻችን፥ ከእኛ መልካም ወሬ ብቻ አትጠብቁ። ስኬትን ብቻ የምትሹ ከሆነ እኛም ስኬትን ብቻ ለመጻፍ እንፈተናለን። ስትጽፉልን «ስንት ሜትር ሠራችሁ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ «ማንን ጎዳችሁ?» ብላችሁም ጠይቁን።

ያቺ እናት ባለፈው ዓመት ሌላ ልጅ ወልዳለች፤ በንጣፉ መሻገሪያ ላይ አልፋ በጤና ጣቢያ ተገላገለች። ይህን የምንነግራችሁ የፊተኛው ሐዘን ተሰረዘ ለማለት አይደለም። መሻገሪያው ክፍት መሆኑን እንድታውቁ፥ በመጪው ክረምትም ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ከእኛ ጋር እንድትጸልዩና እንድትሠሩ ነው።

እግዚአብሔር በወዲህም በወዲያም ማዶ ያሉትን ይጠብቅ። ጌታ ይባርካችሁ።