ስለ አሮጌ ጠመንጃና ስለ ባለቤቱ ፍቅር
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን አርእስት አሮጌ ጠመንጃ ነው። ከመካከላችሁ «ጠመንጃ ለተማሪ ምኑ ነው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን የምንኖርባት ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በጅቡቲ በር ደግሞ ጨርቅና ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ጠመንጃም ወደ አገራችን ገብቷል። ስለዚህ ነገሩ ከደጃችን የራቀ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው እንናገር። አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ የፈለሰፈውን፣ በኋላም «ሞዴል 8» የተባለውን የአደን ጠመንጃ የሬሚንግተን ፋብሪካ በ1906 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጣው። ይህ ጠመንጃ ሲተኮስ በርሜሉ ወደ ኋላ ይሸሽና ቀለሁን ጥሎ ሁለተኛውን ጥይት ራሱ ይጎርሳል፤ ተኳሹ ቃታውን እንደገና ከመሳብ በቀር ሌላ ሥራ የለበትም። ዛሬም በአሜሪካ ከአዲሱ ይልቅ ይህን አሮጌ የሚወዱ አዳኞች አሉ። ብረቱ በጥንቃቄ ተፍቆ የተሠራ፣ ሰደፉም እውነተኛ እንጨት ስለሆነ የሠራተኛው እጅ ይታይበታል ይላሉ።

የእኛ አገር ባለጠመንጃ ፍቅር ግን ሌላ መነሻ አለው። «ውጅግራ» የምንለው ጠመንጃ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ፉዚ ግራ» ነው፤ ስሙን የለወጠው የእኛ አፍ ነው። እነሱ በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰውን ለበን ሲይዙ፣ አሮጌው ግራ በነጋዴ እጅ ወደ እኛ መጣ። ባለቅኔው አርተር ራምቦም በ1887 እ.ኤ.አ. ወደ 2000 የሚጠጉ ያረጁ ጠመንጃዎች ከታጁራ በግመል አምጥቶ ለንጉሥ ምኒልክ አስረክቧል። ለአውሮፓ ያረጀው ለእኛ አዲስ ነበር፤ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከጮኹት መሣሪያዎች አንዱ ያው ውጅግራ ነው። እንግዲህ አያቱ የዘመተበትን ጠመንጃ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው የሰቀለው ብረት ብቻ አይደለም፤ የቤቱን ታሪክ ነው።

ራሱ የሚጎርሰው ጠመንጃ የመጣልን ዘግይቶ ነው። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘምተው የአሜሪካን መሣሪያ ታጠቁ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የጦር ርዳታ ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ባለ 15 ጥይቱ ኤም ዋን ካርባይን አገር ውስጥ ገባ። ክብደቱ 3 ኪሎ እንኳ ስለማይሞላ ለመሸከም የተመቸ ነው። ቀጥሎም ባለ 10 ጥይቱ የሶቪየት ሲሞኖቭ መጣ። እነዚህም ዛሬ በተራቸው አርጅተው እንደ ውርስ ይታያሉ።

እኛን የሚያሳስበን እዚህ ላይ ነው። ውጅግራ አንድ ጥይት ተኩሶ ዝም ይላል። ባለቤቱ ከፍቶ፣ ቀለሁን አውጥቶ፣ ከዝናሩ ሌላ ጥይት አጉርሶ፣ እስኪዘጋ ድረስ ጥቂት ጊዜ ያልፋል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሽማግሌ ይደርሳል፤ እናት ትጮኻለች፤ የተቆጣውም ሰው ልቡ ይመለሳል። ያ ትዕግሥት የብረቱ እንጂ የሰውየው አልነበረም። ካርባይኑ ግን ይህን ፋታ ወሰደብን። ብረቱ የማይታገሥ ከሆነ፣ መታገሥ ያለበት ሰው ነው።

ይህን ስንል ባለጠመንጃውን ለመናቅ አይደለም። ንብረቱንና ክብሩን የሚጠብቅለት ሲያጣ በመሣሪያው መተማመኑን እንረዳለን። ሕጉም ቢሆን አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ሆኖም ታሪኩን መውደድና ቃታውን መውደድ ሁለት ነገር መሆኑን ሕግ ብቻውን አያስተምርም፤ ይህ የእኛ የተማሪዎችና የመምህራን ድርሻ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ከአያቶቻችሁ እግር ሥር ተቀመጡና፣ ጠመንጃው ከየት መጣ፣ በስንት ተገዛ፣ ማን ዘመተበት፣ በማንስ ላይ ተተኮሰ ብላችሁ ጠይቁ። የሚያኮራውንም የሚያሳፍረውንም ሳትለዩ ጻፉት። ጠመንጃውን ዝገት ይበላዋል፤ ታሪኩን ግን ወረቀት ያቆየዋል። ታሪኩ በወረቀት ከቆየ፣ ልጅ አባቱን ለማክበር ሲል የግድ ቃታ መሳብ አያሻውም።