የኦዲት ሥራ ልምምድ እንዴት ይገኛል?

(ከዚህ በታች የቀረበው ንግግር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው የሒሳብ አያያዝ ኮርስ ለወሰዱ የካኩማ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ በአንድ ስደተኛ መምህር የተሰጠ ነው። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ አሳጥረነዋል።)



በዚህ ሙቀት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። የሒሳብ አያያዝ ኮርስ ጨርሶ ሰርተፊኬቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከፍራሽ ሥር ያስቀመጠ ወጣት የኦዲት ሥራ ልምምድ፣ በዚህ አገር አጠራር «አታችመንት»፣ እንዴት ሊያገኝ ይችላል የሚለው ነው። እኔ ኦዲተር አይደለሁም፤ አስተማሪ ነኝ። ነገር ግን ብዙ ተማሪዎች ሲያመለክቱ አይቻለሁ። የተሳካላቸውም ያልተሳካላቸውም ብዙ አስተምረውኛል።

ጉዳዩ ለምን ያስፈልጋል? ቀጣሪ ሰርተፊኬቱን ካየ በኋላ የሚጠይቀው «የት ሠራህ?» ብሎ ነው። መልስ የሌለው ሰው ወረቀቱ በየዓመቱ ያረጃል። ብዙዎቻችን «ኬዜ እስኪያልቅ» እያልን እንጠብቃለን። ወደ ሦስተኛ አገር ብንሄድም፣ ወደ አገራችን ብንመለስም፣ እዚሁ ብንቆይም ግን ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት መንገድ ያው ነው። የሒሳብ ሙያ ድንበር ሲሻገር አይወረስም።

አሁን ኦዲት ምን እንደሆነ ከምናውቀው ነገር እንነሳ። እድርን እንውሰድ። 60 አባላት በየወሩ 50 ሽልንግ ያዋጣሉ እንበል። በስድስት ወር 18,000 ሽልንግ መግባት ነበረበት። የደረሰኙ ቀሪ ሲደመር ግን 16,850 ይላል። የአባላት መዝገብ ሲታይ 23 ክፍያዎች አልተከፈሉም፤ 23 በ50 ሲባዛ 1,150 ነው። ስለዚህ ገቢው ተስተካከለ። ወጪው ለሁለት ለቅሶ 8,000፣ ለድንኳን ኪራይ 1,500፣ በድምሩ 9,500 ነው። በሣጥኑ ውስጥ 7,350 መገኘት አለበት። ሲቆጠር 6,950 ሆነ። 400 ጎደለ።

እዚህ ላይ መንደሬው «ገንዘብ ያዡ በላው» ይላል። ኦዲተር እንዲህ አይልም። በመጀመሪያ ገንዘብ ያዡን ይጠይቃል። ለስኳርና ለሻይ ቅጠል ወጣ ከተባለ ማን እንዳዘዘ፣ ከየትኛው ሱቅ እንደተገዛ፣ ደረሰኝ እንዳለ ይጠይቃል። ደረሰኝ ከጠፋ «ማስረጃ ያልቀረበለት ወጪ 400 ሽልንግ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያም ምክር ይጨምራል፤ የሚያዝዘው፣ ገንዘቡን የሚይዘውና መዝገቡን የሚጽፈው አንድ ሰው አይሁን ይላል። ኦዲት ማለት ይኸው ነው። ሌባ ማደን ሳይሆን በማስረጃ መናገር ነው። በትልቅ ኩባንያም የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ከዚህ አይለይም። የሚለየው የወረቀቱ ብዛት ነው፤ ወረቀቱ ሁሉ ስለማይታይም ተመርጦ ይመረመራል።

ልምምዱ የት ይፈለጋል? አራት ቦታዎችን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ እዚሁ ካምፕ ውስጥ ነው። እርዳታ ሰጪ ድርጅቶች የፋይናንስ ክፍልና መጋዘን አላቸው። የለጋሾች ገንዘብ ስለሚመረመርም ለኦዲተር የሚቀርብ ሰነድ በየጊዜው ያዘጋጃሉ። ቫውቸር በቁጥር ተራ ማስቀመጥ፣ የባንክ መግለጫን ከመዝገብ ጋር ማመሳከር፣ መጋዘን መቁጠር ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። «ኦዲት ክፍል» የሚል ጽሑፍ በር ላይ ካልተለጠፈ ብላችሁ አትለፉ።

ሁለተኛ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የቁጠባ ማኅበራት ናቸው። በኬንያ ሕግ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳቡን በየዓመቱ ማስመርመር አለበት። ብዙዎቹ አነስተኛ ስለሆኑ ሰነድ የሚያዘጋጅላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ሦስተኛ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ከዚህ 120 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በሎድዋር የቱርካና ካውንቲ አስተዳደር አለ። ካውንቲዎች የውስጥ ኦዲት ክፍል አላቸው።

አራተኛ፣ የግል ኦዲት ድርጅቶች ናቸው። በናይሮቢ ያሉት አራቱ ትልልቅ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይመርጣሉ። ትንንሾቹ ግን ሦስትና አራት ሠራተኛ ይዘው ስለሚሠሩ ለታታሪ ልጅ በራቸው ይከፈታል። ከማመልከታችሁ በፊት የድርጅቱ ኃላፊ ከኬንያ የሒሳብ ባለሙያዎች ኢንስቲትዩት፣ ኢክፓክ ከሚባለው፣ የሥራ ፈቃድ እንዳለው አጣሩ። ፈቃድ የሌለው ሰው የሚጽፍላችሁ ምስክር ወረቀት ዋጋ የለውም።

ጊዜም ወሳኝ ነው። ብዙ የግል ድርጅቶች ሒሳባቸውን የሚዘጉት ዲሴምበር 31 ነው። ስለዚህ ኦዲተሮች ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ሥራ ይበዛባቸዋል፤ እጅ የሚፈልጉትም ያን ጊዜ ነው። የመንግሥት ዓመት ደግሞ ጁን 30 ይዘጋል። ሥራው ከመብዛቱ ሦስት ወር በፊት ያመለከተ ይደመጣል። በጥድፊያው መሐል የደረሰ ማመልከቻ ግን ከወረቀት ክምር ሥር ይቀራል።

ወደ ወረቀቶቹ ልለፍ። ከተማራችሁበት ተቋም ልምምድ እንደሚያስፈልጋችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ያዙ። የሰርተፊኬትና የስደተኛ መታወቂያ ኮፒ፣ አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ፣ ሁለት ምስክሮች አዘጋጁ። አንዳንድ ቦታ የአደጋ ኢንሹራንስና ከፖሊስ የመልካም ጠባይ ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኢትዮጵያ የተማራችሁ ደግሞ የትምህርት ማስረጃችሁ በኬንያ እኩልነቱ መረጋገጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የስደተኞች ሕግ ስደተኛ እውቅና ባገኘ ሙያው ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ይናገራል። «እውቅና ያገኘ» የምትለዋን ቃል አትርሷት።

ከካምፕ ውጭ ለሚሄድ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ግድ ነው። ያለ ፈቃድ መንገድ መውጣት ለእስር ይዳርጋል። ስለዚህ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት የልምምዱን መነሻና መድረሻ ቀን ጠቅሶ ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ለምኑ፤ ያንን ይዛችሁ የስደተኞች አገልግሎት መምሪያ ዘንድ ቅረቡ። የራሽንና የመዝገብ ማጣሪያ ቀን እንዳያልፋችሁም ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። ብዙ ልምምድ ደመወዝ የለውም፤ ቢበዛ የምሳና የትራንስፖርት ይሰጣል። የቤት ኪራዩን፣ የምግቡንና የመኪናውን በወረቀት ደምሩ። የራሱን ወጪ ያልደመረ ልጅ የሰው ሒሳብ ልመርምር ማለት አይችልም።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ብዙ ልጆች ደብዳቤውን በስደት ታሪካቸው ይሞሉታል። ታሪካችሁ እውነትና ከባድ ነው፤ ነገር ግን የፋይናንስ ኃላፊው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ምን ተምራችኋል? ምን ትችላላችሁ? ከመቼ እስከ መቼ? «የአንድ እድርን የስድስት ወር ገቢና ወጪ ከደረሰኝ ጋር አመሳክሬ የአንድ ገጽ ሪፖርት አቅርቤያለሁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአሥር መስመር ልመና ትበልጣለች። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በትሕትና ሄዳችሁ ጠይቁ።

ቃለ መጠይቅ ላይ የቁጥር ጥያቄ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ ግን የጠባይ ጥያቄ ይመጣል። «ገንዘብ ያዡ ዘመድህ ቢሆንስ?» ይሏችኋል። ሁላችንም በምንተዋወቅበት ካምፕ ይህ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። ትክክለኛው መልስ «ዝምድናዬን ለአለቃዬ አስቀድሜ ነግሬ ያ ሥራ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ አደርጋለሁ» የሚል ነው። «ቢሆንም እውነቱን እጽፋለሁ» ማለት ጥሩ ይመስላል፤ ግን አይበቃም። ጽሑፋችሁ እውነት ቢሆንም የሚያምነው አይኖርምና።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅ። «አታችመንት አስገባሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ አለ። አትክፈሉ። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አገልግሎት ሁሉ በነጻ ነው፤ ለስሙም ለፎርሙም አይከፈልም። እናንተ እህቶቼ ደግሞ፣ ማታ ወይም ከቢሮ ውጭ «ለኢንተርቪው ነይ» የሚል ሰው ካለ አትሂዱ። ለማኅበረሰቡ መሪዎችና ለድርጅቱ የቅሬታ ክፍል ንገሩ። ነውሩ የጠያቂው እንጂ የተጠየቀችው አይደለም።

ቦታውን ካገኛችሁ በኋላስ? በሰዓቱ ግቡ። በመጀመሪያው ወር ፎቶ ኮፒ ብቻ ቢያሠሯችሁ አትናቁ፤ የምታነሡትን ወረቀት አንብቡት። ያልገባችሁን ዕለቱን ጠይቁ። የሠራችሁትን በደብተር በቀን በቀኑ መዝግቡ፤ በኋላ ምስክር ወረቀት ሲጻፍላችሁ ማስረጃ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ያያችሁትን የሰው ደመወዝና የድርጅት ምስጢር ወደ ሻይ ቤት አታውጡ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል፤ በዚህ ሙያ አንዴ አደራ የበላ ሰው ሁለተኛ መዝገብ አይሰጠውም።

ከልምምዱ በኋላ ትምህርቱን መቀጠል ለሚሻ ካስኔብ የሚባለው የኬንያ ፈተና ቦርድ አለ። ከፍ ያለው ሲፒኤ ሲሆን የሁለተኛ ደረጃ ውጤታቸው ለዚያ ላልበቃ ደግሞ ከሥሩ የሒሳብ ቴክኒሺያን ዲፕሎማ አለ። ከታች ተነሥቶ መውጣት ይቻላል።

በመጨረሻ ለአባቶች፣ ለእናቶችና ለነጋዴዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። በእኛ ዘንድ «ሒሳብ አሳየኝ» ማለት «ሌባ ነህ» ከማለት ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት ስንት ማኅበር ፈርሷል፤ ስንት ጎረቤት ተኳርፏል። እነዚህ ልጆች የሚለማመዱበት መዝገብ ያስፈልጋቸዋል። የእድሩን ደብተር በዓመት ሁለት ጊዜ ክፈቱላቸው። ነጋዴዎችም የሱቃችሁን ዕቃ ሲቆጥሩ አንድ ልጅ አብሮ ይቁጠር። ለእናንተ የጠራ ሒሳብ፣ ለእነሱ በማመልከቻ ላይ የሚጻፍ እውነተኛ ሥራ ይሆናል። ንጹሕ ገንዘብ ያዥም ከሐሜት ይድናል።

እናንት ወጣቶች ደግሞ የፊታችን ሰኞ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሰርተፊኬታችሁን ከፍራሽ ሥር አውጥታችሁ ወደ ክፍሌ ኑ። ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን። እስክሪብቶና ሁለት ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ኑ።