የሚጣለውና የሚቆየው ዕቃችን



የለቅሶ ቤት ሳህንና ኩባያ ማጠቡ አድካሚ ስለሆነ፣ አንዴ ተጠቅመንበት የሚጣል ፕላስቲክ እንግዛ የሚል አሳብ ቀርቧል። አሳቡ ከድካም የመጣ ነውና አንነቅፈውም፤ እስከ ዛሬ ማጠቡን ለጥቂት እናቶች ትተነው ኖረናል።

ነገር ግን የሚጣል ዕቃ ጥንትም ነበር። ቆጮ የሚጠቀለልበት የኮባ ቅጠል ይጣላል፤ ሲጣል ግን በስብሶ ለጓሮው ማዳበሪያ ይሆናል። ከተቀበረ አንድ የእንሰት አምቾም ብዙ ችግኝ ይበቅላል። ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር፣ እንሰቱም ከቡናው ጎን ሆነው አንዱ ሲጎዳ ሌላው ቤቱን ያቆማል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው እንዲህ ባለው አያያዝ ነው። ፕላስቲኩ ግን አይበሰብስም፤ ዝናብ ጠርጎ ከቡናችን ሥር ያገባዋል።

ዕድራችንም እንዲሁ ነው፤ ሰው ያልፋል፣ ድንኳኑና ሳህኑ ለሚቀጥለው ሐዘንተኛ ይቆያል። ስለዚህ የብረት ሳህኖቻችንን አንጣል። የተቀደደውን ድንኳን እንስፋ፤ ዕቃውን ወንዶችም ጭምር በተራ እንጠብ። ሸክሙን ካልተካፈልን ግን፣ እናቶቻችን ፕላስቲኩን ቢመርጡ ልንወቅሳቸው አንችልም።