ጨፌው ሊወስን የሚችለውን መጠየቅ፦ የአምቦና የምዕራብ ሸዋ መራጭ ከዕጩዎች ምን ይፈልግ?



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። ለጨፌ ኦሮሚያ የሚወዳደር ሰው «ብመረጥ ቅድሚያ የምሰጠው ለዚህ ነው» ሲለን፣ ያ ጉዳይ በእርግጥ ከጨፌው ሥልጣን ሥር ነውን? በጠቅላላ ምርጫ ቀን መራጩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት ለየብቻ ድምፅ ይሰጣል። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ይደባለቃል። ለጨፌው የሚወዳደረው ዕጩ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ አዲስ አበባ–ነቀምት ዋና መንገድ፣ ስለ መብራት መቆራረጥና ስለ ዩኒቨርሲቲ ማስፋፊያ ቃል ይገባል። እነዚህ ሁሉ ከሞላ ጎደል በፌዴራል መንግሥት እጅ ያሉ ናቸው። የጨፌ ተመራጭ ሊሟገትላቸው ይችላል እንጂ ሊወስንባቸው አይችልም። እንዲህ ያለው ተስፋ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከሚባለው ብዙም አይለይም።

ጨፌ የሚለው ስም በገዳ ሥርዓት ሕግ የሚደነገግበትን የጉባኤ መስክ ያስታውሰናል። በዛሬው አወቃቀር የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ሲሆን፣ የመቀመጫዎቹ ቁጥር 537 ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 ለክልሎች ከሰጣቸው ሥልጣኖች መካከል የክልሉን የልማት ፖሊሲ ማውጣት፣ በፌዴራል ሕግ መሠረት መሬትን ማስተዳደር፣ የራስን ግብር መሰብሰብና በጀት ማጽደቅ እንዲሁም የክልል ፖሊስን ማደራጀት ይገኙበታል። ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ የገጠር መንገዶች፣ የከተማ ውኃና የማዘጋጃ ቤት አገልግሎትም በአብዛኛው እዚሁ የሚወድቁ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሦስቱን ላንሣ።

የመጀመሪያው መሬት ነው። የክልሉ የገጠር መሬት አጠቃቀምና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 130/1999 የወጣው በጨፌው ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈለው ካሳ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ፌዴራላዊ ቢሆንም፣ ተነሺው መልሶ የሚቋቋምበትን ማዕቀፍ በሥራ ላይ የማዋል ኃላፊነት በክልሎችና በከተማ አስተዳደሮች ላይ ወድቋል። ስለዚህ በከተሞቻችን ዳርቻ ያለ ገበሬ ዕጩውን እንዲህ ሊለው ይገባል፦ «ከተማው ወደ ማሳዬ ሲመጣ ካሳዬ በምን ይሰላል? የሚከፈለኝ ከመነሣቴ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ልጆቼ ከዚያ በኋላ በምን ይተዳደራሉ?»

ይህ ጥያቄ በምርጫ ወቅት ሳይጠየቅ ሲቀር የሚያስከትለውን ይህ አካባቢ ከማንም በላይ ያውቀዋል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን በሚያዝያ 2006 አምቦን ጨምሮ በብዙ ቦታዎች ተቃውሞ አስነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ግንቦት 16 ቀን 2007 በተደረገው ምርጫ ገዢው ፓርቲ የጨፌውን 537 መቀመጫዎች በሙሉ ማሸነፉ ተገለጸ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008፣ ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ክልሉን አዳረሰ። በጥር 2008 ዕቅዱ እንዲቀር መወሰኑን ያሳወቀው ደግሞ ጨፌው ሳይሆን ፓርቲው፣ ኦሕዴድ፣ ነበር። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ በምክር ቤት ውስጥ የሚከራከርለት ያጣ ጥያቄ እንደማይጠፋና በሌላ በር፣ በከባድ ዋጋ፣ ተመልሶ እንደሚመጣ ነው።

ሁለተኛው በጀት ነው። የክልሉ ገቢ በከፊል ከፌዴራል ድጎማ የሚመጣ ሲሆን፣ ለዞኖችና ለወረዳዎች የሚደለደልበትን የሚያጸድቀው ጨፌው ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል፤ ለመጽሐፍ፣ ለመድኃኒትና ለድልድይ ጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው። «ሁሉንም እሠራለሁ» የሚል ዕጩ ቅድሚያ ሰጠ አይባልም። ቅድሚያ መስጠት ማለት አንዱን ለማስቀደም ሌላውን ማቆየት ነው። ዕጩው የሚያቆየውንም በግልጽ ሊነግረን ይገባል።

ሦስተኛው የወጣቱ ሥራ ነው። አምቦ በማዕድን ውኃዋ ትታወቃለች፤ በዙሪያዋ ጤፍና ስንዴ ይመረታል፤ ባኮ ስሙ የገነነ የበቆሎ ምርምር ማዕከል አለው። ክልሉ የኢንቨስትመንት ቦታ ሲሰጥ ለአካባቢው ወጣት ምን ግዴታ ያስገባል? የመሥሪያ ሼድና የብድር አቅርቦት በማን፣ በምን መስፈርት ይታደላል? ይህም ከጨፌው ቁጥጥር የማይወጣ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ እገምታለሁ፤ ተገቢም ነው። «አማራጭ በሌለበት ዕጩን መጠየቅ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ይኖራሉ። በ1997 ምርጫ ተቃዋሚዎች ከመቶ በላይ የጨፌ መቀመጫዎችን አግኝተው ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተደረገው ምርጫ ግን በዚህ አካባቢ ብዙ ደጋፊ ያላቸው ኦፌኮና ኦነግ፣ አባሎቻችን ታስረዋል፣ ጽሕፈት ቤቶቻችን ተዘግተዋል በማለት አልተሳተፉም። የዕጩዎች ዓላማ እውነተኛ ትርጉም የሚያገኘው ተፎካካሪ ሲኖር መሆኑን አልክድም። ሰው በነፃነት በማይሰበሰብበትና የጸጥታ ስጋት ባለበት ወረዳም ከዕጩ ጋር መነጋገር ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ግልጽ ጥያቄ መዝገብ ይፈጥራል። ዛሬ በአደባባይ የተሰጠ መልስ ነገ የተጠያቂነት መነሻ ይሆናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል። መብቱ በተግባር የሚውለው ግን ተመራጩ ምን ቃል ገብቶ እንደነበር የሚያስታውስ ሕዝብ ሲኖር ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ አቀርባለሁ። የየወረዳችሁን ዕጩዎች፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁኑ ወይም የግል፣ በእነዚህ ሦስት ጉዳዮች ጠይቁ። መልሳቸውን ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ በኦሮምኛም በአማርኛም ጻፉ፤ ቀኑንም አስፍሩ። ከምርጫው በኋላ በየዓመቱ፣ በጀት በሚጸድቅበት በሐምሌ ወር፣ ከጨፌው ውሳኔ ጋር አስተያዩት።

 አሁን መድረኩ የእናንተ ነው።