ውቅያኖስና የክረምታችን ዝናብ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ውቅያኖስ ነው። ውቅያኖስ ማለት እጅግ ሰፊና ጥልቅ ባሕር ነው። «ውቅያኖስ ሩቅ ነው፤ ለገበሬ ምኑ ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ከማሳችን ጋር የተያያዘ ነው።

እስቲ ይህን ተመልከቱ። ድንጋይ በፀሐይ ቶሎ ይሞቃል፤ ማታ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በድስት የሞቀ ውሃ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ውቅያኖስም እንዲሁ ነው። የምድር ገጽ 100 እጅ ቢሆን 71 እጁ ውቅያኖስ ነው። ይህ ሁሉ ውሃ የፀሐይን ሙቀት ያከማቻል። ከዚያም ሙቀትና እርጥበት ለአየሩ ይሰጣል። ነፋስና ዝናብ ከዚህ ይነሣሉ።

በእስያና በአሜሪካ መካከል ፓስፊክ የሚባል ውቅያኖስ አለ። በወትሮው ነፋሱ ሞቃቱን ውሃ ወደ እስያ በኩል ይገፋዋል። በየጥቂት ዓመቱ ግን ነፋሱ ይደክማል። ያን ጊዜ ሞቃቱ ውሃ ወደ አሜሪካ በኩል ይመለሳል። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ይህን በገና ሰሞን ስላዩት «ኤል ኒኞ» አሉት። «ሕፃኑ» ማለት ነው፤ ሕፃኑን ኢየሱስን ማለታቸው ነው።

ኤል ኒኞ ሲመጣ የዓለም ነፋስ አካሄዱን ይለውጣል። በአገራችንም በብዙ ቦታ የክረምቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ ያንሳል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት እንዲህ ነበር። ኤል ኒኞ በረታ፤ ዝናቡ ተጓደለ። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈለገው።

ታዲያ ይህን ሰፊ ውሃ ማን ይለካዋል? አንድ አገር ብቻውን አይችልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለም? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1985 እስከ 1994 አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ፈረንሳይና ሌሎችም አገሮች ተባበሩ። 70 ያህል መለኪያዎችን በፓስፊክ ላይ በመልሕቅ አሰሩ። በኋላም «አርጎ» የሚባለው ሥራ ተጀመረ። ዛሬ 4000 ያህል የአርጎ መለኪያዎች በየውቅያኖሱ ይንሳፈፋሉ። እያንዳንዱ መለኪያ በየ10 ቀኑ እስከ 2000 ሜትር ይጠልቃል። ሲወጣ የውሃውን ሙቀትና ጨው ይለካል። ውጤቱንም በሳተላይት ይልካል። ይህ ቁጥር አይሸጥም። መርከብ ላለውም ለሌለውም አገር በነፃ ይሰጣል።

የአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎችም ክረምት ሳይገባ የውቅያኖሱን ሙቀት አይተው ትንበያ ያወጣሉ። ትንበያ ቁርጥ ያለ ቃል አይደለም፤ ወዴት እንደሚያደላ ይነግራል። ዝናቡ ያንሳል ከተባለ ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ዘር ይመርጣል፤ ለከብቱ ገለባ ያጠራቅማል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አደራ አለብህ። ትንበያው በወጣ ጊዜ አንብበው፤ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤትህም አንብብለት። ብዙ አገር ደክሞ የለካው ቁጥር ከማሳው ካልደረሰ ምን ይረባል?

እስቲ እነዚህን ቃላት ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦ ውቅያኖስ፣ ሙቀት፣ ነፋስ፣ ትንበያ።

ደኅና ሰንብቱ።