የሰማዩ ላም ወተት፦ መጠነኛ ድጎማ ለኅዋ ቴክኖሎጂ ጀማሪ ድርጅቶች



«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ሳተላይት ከመታሰቡ በፊት የተነገረ ቢሆንም፣ የኅዋ ቴክኖሎጂን ጉዳይ ለመመርመር የሚስማማ መነሻ ነው። ኢትዮጵያ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነውን የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር አመጠቀች፤ በዓመቱም ሁለተኛዋን አስከተለች። በዚህም ላሚቱ ሰማይ ደረሰች። የቀረው ጥያቄ ወተቷን ማን ያልባል፣ ለማንስ ያቀርባል የሚለው ነው። መልሱን ከቆቃ መፈለግ ይቻላል።

ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ በአዋሽ ወንዝ ላይ የሚገኘው የቆቃ ግድብ፣ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። 43.2 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደ ነበር። ከግድቡ በታች ያሉት አዋሽ ሁለተኛና አዋሽ ሦስተኛ የኃይል ማመንጫዎችም ሆኑ የወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ፣ ኑሯቸው ከቆቃ በሚለቀቀው ውሃ ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁን እንጂ ወንዙ ከደጋው ጠርጎ የሚያመጣው ደለል በየክረምቱ ከሐይቁ ወለል ላይ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1965 በዚሁ ሐይቅና በአዋሽ ላይ መታየቱ የተመዘገበው እምቦጭም ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምደውን ዓሣ አጥማጅ የጀልባ መንገድ ይዘጋበታል። ደለል የያዘው ቦታ ሁሉ ለውሃ የማይተርፍ እንደ መሆኑ መጠን፣ ግድቡ በክረምት ጎርፍን የመግታት፣ በበጋም መስኖን የመመገብ ኃይሉ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ከሰማይ ለመከታተል የሚያስችል መረጃ ሞልቷል። የአሜሪካው ላንድሳት ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለማንኛውም ሰው በነጻ ተለቀዋል። የአውሮፓ ሴንቲኔል ሁለት ሳተላይቶችም ከ2015 ወዲህ 10 ሜትር ስፋት ያለውን ነገር የሚለይ ምስል በነጻ ያቀርባሉ። ነገር ግን ምስል ነጻ ነው ማለት አገልግሎት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በክረምት፣ መረጃው ይበልጥ በሚፈለግበት ወቅት፣ ሐይቁ በደመና ይሸፈናል፤ ያን ጊዜ ደመናን አልፎ የሚያይ የራዳር ምስል ማንበብ የሚችል ባለሙያ ያስፈልጋል። ሳተላይቱ የእምቦጩን ስፋት ቢያሳይም፣ የደፈረሰ ውሃ ጥልቀትን ሊለካ አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው በጀልባ ወጥቶ ጥልቀቱን መለካት፣ ልኩንም ከምስሉ ጋር ማስተያየት ግድ ይለዋል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ወይም በሌላ ተቋም የተማሩ ሦስት ወጣቶች ይህን ሥራ ለመጀመር ቢነሡ፣ ባንክ ቤት በመያዣነት የሚያቀርቡት ቤትም ሆነ መሬት የላቸውም። ባለሀብቱ ገበያው ጠባብ ሆኖ ይታየዋል። ደንበኛ ሊሆን የሚገባው መሥሪያ ቤትም ያልተፈተነ ነገር አልገዛም ይላል፤ ሆኖም ለመፈተኛው ገንዘብ የሚሰጥ የለም። ከባንክ ብድር በፊት ያለውን ይህን ክፍተት የሚሞላው የማይመለስ መጠነኛ ድጎማ ነው። ድጎማው የጀልባ ኪራይ፣ የጥልቀት መለኪያ፣ የኮምፒዩተርና የጥቂት ወራት ደመወዝ ይሸፍናል።

ሐሳቡ በሌላው ዓለም የተሞከረ ነው። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ሕግ፣ የኅዋ አስተዳደሩን ናሳን ጨምሮ ከፍተኛ የምርምር በጀት ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ከዚሁ በጀት ጥቂቱን ለትናንሽ ድርጅቶች እንዲመድቡ ተገደዱ። በመጀመሪያ 0.2 በመቶ የነበረው ድርሻ በ2017 ወደ 3.2 በመቶ ከፍ ብሏል። አሰጣጡም በደረጃ የተከፈለ ነበር። መጀመሪያ ሐሳቡ የሚሠራ መሆኑን ለማሳየት ጥቂት ገንዘብ ይሰጣል፤ ያሳየው ብቻ ናሙናውን ለማዳበር የበለጠ ያገኛል፤ በሦስተኛው ደረጃ ከዚህ ፈንድ ምንም ሳያገኝ ወደ ገበያ ይወጣል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ድጎማ በደረጃ ካልተሰጠ ከአንዱ ለጋሽ ወደ ሌላው የሚዞር፣ ማመልከቻ መጻፍን ሙያው ያደረገ ድርጅት ማፍራቱ አይቀርም። ሁለተኛው፣ ገዢው ከጅምሩ መታወቅ አለበት። የግድቡ አስተዳደር፣ የተፋሰሱ ባለሥልጣን ወይም የስኳር ፋብሪካው ጥያቄውን ራሱ ቢያቀርብና አገልግሎቱ ፈተናውን ካለፈ እንደሚገዛው አስቀድሞ ቢዋዋል፣ ድጎማው መድረሻው የታወቀ መንገድ ይሆናል።

ደለል የሚጠረግበት ገንዘብ ባልተሟላበት አገር ለሳተላይት ሥራ ድጎማ መስጠት ቅንጦት ነው የሚል ወገን ይኖራል። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም፤ ምስል ብቻውን አንድ አካፋ ደለል አያነሣም። ሆኖም ደለሉ ከየትኛው ገባር እንደሚበዛ፣ እምቦጩም በየትኛው ዳርቻ እንደሚስፋፋ ሳይታወቅ የሚወጣው ገንዘብ የሚባክነው ይበልጣል። እርከኑ በትክክለኛው ተዳፋት ላይ እንዲሠራ፣ አጫጁም ጀልባውን ወደ ትክክለኛው ዳርቻ እንዲቀዝፍ የሚያደርገው ይህ ዕውቀት ነው።

ቆቃ በካሣ ገንዘብ አንድ ጊዜ ተገንብቷል። ዕድሜውን ለማራዘም ግን ሁለተኛ ካሣ የሚከፍል አይኖርም። ላሚቱ በሰማይ ስትመላለስ ወተቷ ለቆቃ ዓሣ አጥማጅና ለወንጂ ገበሬ እንዲደርስ፣ የመጀመሪያውን ቅል የሚገዛ መጠነኛ ገንዘብ፣ ወተቱንም በዋጋው የሚቀበል ደንበኛ ሊኖር ይገባል።